ደጋኑን ከልጅዎ ክንድ ይጀምሩ

ጥያቄ፦ «የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ልጄ ‹ቀስት ሥራልኝ› ብላ ከጠየቀችኝ ሦስት ወር አልፏል። የእንጨት ሥራ ሙያዬ ባይሆንም እጄ ሥራ አይፈታም፤ እሷም ይህን ስለምታውቅ ነው የጠየቀችኝ። የመጀመሪያውን ከጣውላ ቆርጬ፣ በአራቱም ጎን አለስልሼ ሠራሁት። እሷ ከመንካቷ በፊት ልሞክረው ብዬ እስከ ጆሮዬ ስስበው ከመያዣው ዝቅ ብሎ ተሰበረ፤ ስንጥሩ ጉንጬን ጫረኝ። ሁለተኛውን ከእርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ለልጅ ነው ብዬ 90 ሴንቲ ሜትር ብቻ አደረግሁት። ይህኛው አልተሰበረም፤ ነገር ግን ልጄ ታግላ ታግላ አንድ ስንዝር እንኳ ልትስበው አልቻለችም። ‹እኔ ደካማ ነኝ› ብላ አስቀመጠችው። አውታሩን ሳልፈታው ስለከረመ ደግሞ በሳምንቱ እንደጎበጠ ቀረ። ባለቤቴ ‹የልጅ ዓይን ከመጥፋቱ በፊት ይቅር› ትለኛለች። ልተወው? ወይስ የምሳሳተው የት ላይ ነው?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

«እኔ ደካማ ነኝ» የሚለው የልጅዎ ቃል ልቤን ነክቶታል። ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ እንኳ ጠርተው ይንገሯት፤ ደካማ አይደለችም። 90 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ወፍራም ቅርንጫፍ ጎልማሳ ሰውም በቀላሉ አያጎብጠውም። ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር የሚቆጥረው ከራሱ ጉድለት ነው፤ ቶሎ ካልታረመም ከደጋኑ በላይ ዕድሜ ይኖረዋል።

ለጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው፤ አይተዉት። ባለቤትዎም የተናገሩት እውነት ነው። የእሳቸው ስጋት በዚህ ሥራ ውስጥ የራሱ ቦታ ስላለው ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አስቀድመን በቃላት እንግባባ። ቀስት ስንል አንዳንዴ የሚጎብጠውን እንጨት፣ አንዳንዴ የሚወረወረውን ማለታችን ነው። እኔ ከዚህ በታች ደጋን የምለው የሚጎብጠውን እንጨት፣ ፍላጻ የምለው የሚወነጨፈውን፣ አውታር የምለው የደጋኑን ሁለት ጫፎች የሚያገናኘውን ገመድ ነው። ደጋኑ ተይዞ ሲሳብ ወደ ዒላማው የሚያየውን ፊቱን ጀርባ፣ ወደ ተኳሹ የሚያየውን ሆድ እለዋለሁ፤ ከመያዣው በላይና በታች ያሉትን ሁለት ክፍሎች ደግሞ ክንፎች።

ሁለቱ ደጋኖችዎ በተለያየ መንገድ ቢበላሹም የጥፋታቸው ምንጭ አንድ ነው። እንጨቱን ይዘው ጀመሩ፤ ልጅቷ የመጣችው በኋላ ነው። የመጀመሪያውን በእርስዎ ክንድ ልክ ሳቡት፤ በእሷ ክንድ ልክ ቢሳብ ምናልባት አይሰበርም ነበር። ሁለተኛውን በዓይን ግምት አሳጠሩት። «ለልጅ ነው» ሲባል እጃችን ወዲያው ወደ መጋዝ ይሄዳል፤ አጭር ሰው፣ አጭር ደጋን እንላለን። እንጨት ግን በዚህ ሐሳብ አይስማማም። ውፍረቱና ስፋቱ ሳይለወጥ ርዝመቱ በግማሽ የተቀነሰ እንጨት ከቀድሞው ስምንት እጥፍ ግትር ይሆናል። ያሳጠሩት ደጋን ልጅዎን አሸነፋት፤ ቢታዘዛት ኖሮም እንዲህ አጥሮ ብዙ እንዲጎብጥ የተገደደ እንጨት ዕድሜ የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1991 በአልፕስ ተራሮች፣ በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ ኦትዚ የተባለው ጥንታዊ ሰው ከበረዶ ውስጥ ሲገኝ፣ አጠገቡ ገና ሠርቶ ያልጨረሰው ደጋን ነበር። ከሞተ 5,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ቁመቱ 1.60 ሜትር ያህል፣ ደጋኑ ግን 1.82 ሜትር ነበር። እንጨት ብቻውን፣ ያለ ቀንድና ያለ ጅማት ድጋፍ እንዲጎብጥ ሲፈለግ ርዝመት እንደሚያስፈልገው ያ ሰው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሜትር ይያዙና ልጅዎን ይለኩ። ሁለት እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ግድግዳ ትደገፍ፤ ከመካከለኛ ጣት ጫፍ እስከ መካከለኛ ጣት ጫፍ ያለውን ልኬት ለ2.5 ያካፍሉት። የሚያገኙት ቁጥር አውታሩን ወደ ፊቷ ስትስብ ፍላጻው የሚጓዝበትን ርዝመት በግምት ይነግርዎታል። ይህን ርዝመት መሳቢያ እለዋለሁ፤ ዝርግ ክንዷ 130 ሴንቲ ሜትር ቢሆን መሳቢያዋ 52 ሴንቲ ሜትር ነው። የደጋኑ ርዝመት ቢያንስ የዚህ እጥፍ ሆኖ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይጨመርበት፤ 120 ወይም 125 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እኔ እስከ ቁመቷ ድረስ ባስረዝመው ደስ ይለኛል። የረዘመ ደጋን ጀማሪን ይታገሣል፤ የሚያንሰውም ፍጥነት ብቻ ነው። ለትንሹም እንደዚያው ለብቻው ይለኩለት። አንድ ደጋን ለሁለት ማዳረስ ከሁለት አንዱን «እኔ ደካማ ነኝ» ያሰኘዋል።

ቀጥሎ የሚወሰነው ኃይሉ ነው። ደጋን የሚመዘነው እስከ መሳቢያው ልክ ለመሳብ በሚጠይቀው ክብደት ነው። ለልጅዎ 5 ኪሎ ግራም፣ ለወንድሟ 3 ኪሎ ግራም ያህል በቂ ነው። የጉዞ ሻንጣ የሚመዘንበት ባለ መንጠቆ ሚዛን ካለዎት ሌላ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ከቁጥሩ በላይ የማምነው ፈተና ግን ይህ ነው፤ ልጅቷ አውታሩን እስከ መጨረሻው ስባ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ሳይወጣ፣ እጇም ሳይንቀጠቀጥ ቀስ ብላ እስከ አምስት ትቁጠር። ካልቻለች ደጋኑ በዝቶባታል፤ ይፋቅ።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። ብዙ ጠያቂዎች «የትኛው ዛፍ?» በሚለው ጥያቄ ይጨነቃሉ። ኦክ፣ አሽ፣ ሜፕል፣ ሂኮሪ ሁሉም ለዚህ ሥራ የተመሰከረላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 በዴንማርክ ረግረግ ውስጥ የተገኙት፣ 9,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩት ደጋኖች ከኤልም ዛፍ የተሠሩ ነበሩ። ዩ የተባለው ዛፍ በታሪክ ስሙ የገነነ ቢሆንም ብናኙም ቅጠሉም መርዛማ ስለሆነ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲፋቅ አልመክርም። በአካባቢዎ ያለውን ጠንካራ እንጨት ለመፈተን ከዚያው ጣውላ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ያውጡና ቀስ ብለው ያጉብጡት። ሲለቁት ቀጥ ብሎ ይመለሳል? ከዚያ እስኪሰበር ያጉብጡት፤ ሲያደርጉት ግን ፊትዎን ያርቁ። እንደ ጠመኔ ቀጭ ብሎ ለሁለት ከተከፈለ ለደጋን አይሆንም። ረጃጅም ስንጥሮች አውጥቶ፣ እየተንጣጣና ለመለያየት እየተሟገተ ከተሰበረ ጥሩ እንጨት አግኝተዋል።

ከዛፉ ዓይነት ይልቅ ልብ ብለው የሚያዩት የእንጨቱን መስመር ነው። የተሰበረውን የመጀመሪያ ደጋንዎን ካልጣሉት አምጥተው ብርሃን ላይ ያዙት። በጣውላው ፊት ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች የእንጨቱ ክሮች ናቸው፤ ዛፉ ውኃ ያመላለሰባቸውና የቆመባቸው ጅማቶቹ ናቸው ማለት ይቻላል። ስብራቱ ሰያፍ ሆኖ እነዚህን መስመሮች ተከትሎ ወደ ጠርዝ ወጥቶ ከሆነ፣ ደጋኑን የሰበረው ያ የወጣ መስመር ነው። ደጋን ሲሳብ ጀርባው ይለጠጣል፣ ሆዱ ይጨመቃል። እንጨት መጨመቅን በመጠኑ ይችለዋል፤ ጥፋቱ የሚገለጠው ቀስ በቀስ ጎብጦ በመቅረት ነው። መለጠጥን የሚችለው ግን ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ሲሄድ ብቻ ነው። በአንድ ቦታ የተቆረጠ ክር ካለ ከዚያ ተነሥቶ ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩም በእርስዎ ላይ እንደደረሰው ወደ ፊት ይመጣል። «በአራቱም ጎን አለሰለስሁት» ያሉኝ ላይ የጀርባውን ክር በመላጊያ እንደቆረጡት እገምታለሁ።

ስለዚህ ጣውላ ሲመርጡ በፊቱም በጎኑም መስመሮቹ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ቀጥ ብለው የሄዱበትን ይምረጡ። ሃያ ጣውላ አገላብጠው አንድ ላያገኙ ይችላሉ፤ ሻጩ ቢሰለችም አይፈሩ። ጉጥ ያለበትን ይተዉት። ከዛፍ በቀጥታ የሚቆርጡ ከሆነ ደግሞ ሥራው በዚህ በኩል ይቀልልዎታል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ለስላሳ ገጽ ዛፉ ራሱ የሠራው ጀርባ ነው። ቅርፊቱን ብቻ በደነዘዘ ነገር ልጠው ያውጡ፣ ቢላዋ አያስነኩት። ከዚያ በኋላ የሚፋቀው ሁሉ ከሆድና ከጎን ነው።

እርጥብ እንጨት እንደጎበጠ እንደሚቀር በሁለተኛው ደጋንዎ አይተውታል። አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር የሚወፍር ቀጥ ያለ ግንድ ቆርጠው፣ ለሁለት ሰንጥቀው፣ የተቆረጡትን ጫፎች በዚያው ቀን ቀለም ወይም ኮላ ይቀቡ፤ ጫፉ ከመካከሉ ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በመጠኑ ጠርበው ካቀጠኑት በኋላ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚነካው ቦታ ያስቀምጡ፤ ፀሐይና እሳት አያሳዩት። መድረቁን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ልጅዎ በየሦስት ቀኑ እየመዘነች በደብተር ትጻፍ። ክብደቱ መቀነሱን አቁሞ ለአንድ ሳምንት ያህል ባለበት ሲቆም ደርቋል። መጠበቅ ለልጅ ከባድ ነው፤ ቁጥሩ እየወረደ ሲሄድ በራሷ ጽሑፍ ካየችው ግን መጠበቁ ራሱ ሥራ ይሆንላታል። ትዕግሥት ካጣችሁ የደረቀ ጣውላ ገዝታችሁ ጀምሩ።

ለ125 ሴንቲ ሜትር ደጋን በመካከሉ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሰጥተው፣ ወደ ጫፎቹ እያጠበቡ 1.2 ሴንቲ ሜትር ያድርሱት። ውፍረቱን በ14 ሚሊ ሜትር ይጀምሩ። ሲያልቅ እንደ እንጨቱ ዓይነት በመያዣው አካባቢ 10 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ጫፎቹ ከዚያ ያነሰ ይሆናል። መያዣው እንዲወፍር አይድከሙ፤ ለልጅ ደጋን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ላይ የሚጎብጠው ይሻላል፣ ጫናው በሁሉም ላይ ይከፋፈላል። ለፍላጻ ማረፊያ ብለውም መያዣውን አይቦርቡሩ።

ስፋትና ውፍረት እኩል እንዳልሆኑ ከሁሉ በላይ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ከስፋቱ አንድ አሥረኛ ቢቀንሱ የደጋኑ ኃይል በአንድ አሥረኛ ይቀንሳል። ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ቢቀንሱ ግን ከሩብ በላይ ይጠፋል። 10 ሚሊ ሜትሩን 9 ማድረግ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ለውጥ ነው፤ ክንድ ግን ወዲያው ያውቀዋል። የልጅ ደጋን የሚለሰልሰው በዚህ በውፍረት ነው፤ የሚበላሸውም በዚሁ ነው።

የሥራው ልብ ሁለቱን ክንፎች እኩል እንዲጎብጡ ማመጣጠን ነው። በጫፎቹ ጎን ለአውታሩ ማረፊያ የሚሆን አግድም ጭረት በክብ ሞረድ ያውጡ፤ ጭረቱ በጎንና በጎን ይሁን፣ ጀርባውን አይሻገር። ረጅምና ላላ ያለ ገመድ ያስሩበት። ግድግዳ ላይ ከራስዎ ከፍ አድርገው የእንጨት ድጋፍ ይምቱ፣ የደጋኑን መያዣ በላዩ ያሳርፉ። ከገመዱ መካከል ሌላ ገመድ አስረው፣ ወለሉ አጠገብ በተመታ ካሩኮላ (ገመድ የሚያልፍበት ትንሽ መንኮራኩር) አሳልፈው ጫፉን ይዘው ራቅ ብለው ይቁሙ። ሲስቡ ክንፎቹ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ እርስዎም ከሦስት ሜትር ርቀት እያዩ ነው፣ ቢሰበርም አይነካዎትም። መጀመሪያ አንድ ስንዝር ብቻ ይሳቡ። የትኛው ክንፍ ነው የገተረው? የቱ ጋ ነው ቀጥ ብሎ የቀረው? እዚያ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። የሚፋቀው የማይጎብጠው ቦታ ብቻ ነው፤ ከመጠን በላይ የጎበጠውን ቦታ ከዚያ ወዲያ አይንኩት።

ሲፍቁ ቢላዋውን ከእንጨቱ ጋር ቀጥ አድርገው አቁመው፣ ወደ እርስዎ በቀስታ ይጎትቱት። የሚወጣው ልጥ እንደ ሽንኩርት ቅጠል ቀጭን፣ የተጠቀለለ መሆን አለበት። አሥር ጊዜ ይፋቁ፣ ከዚያ ይቁሙ። ደጋኑን መልሰው ሰቅለው እስከዚያ ከደረሰበት ርቀት ሳያልፉ ሠላሳ ጊዜ ያህል ሳብ ለቀቅ ያድርጉት። ይህን ካላደረጉ እንጨቱ ምን እንደደረሰበት አይነግርዎትም፤ የፋቁት ለውጥ የሚታየው ክሮቹ ደጋግመው ከጎበጡ በኋላ ነው።

ይህን የተማርሁት በጥፋት ነው። ለእህቴ ልጅ ደጋን ስሠራ የልደቱ ቀን ደርሶብኝ፣ በአንድ ምሽት መብራት ሥር ፋቅሁ። የታችኛው ክንፍ አልታዘዝ አለኝ። ፋቅሁ፣ አየሁ፤ አሁንም ገትሯል። ደግሞ ፋቅሁ። ሳብ ለቀቅ አላደረግሁትም፤ ጊዜ የለኝም ብዬ። ጠዋት ልጁ ፊት አውታሩን ስስበው ያ ክንፍ ከመካከሉ እንደ ክርን ታጠፈ። አልተሰበረም፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚታጠፍ ደጋን የሞተ ደጋን ነው፤ የወጣው እንጨት ተመልሶ አይለጠፍም። ልጁ ምንም አላለኝም፤ ታጥፎ የቀረውን ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። አሥር ፍቅ፣ ሠላሳ ስበት የምልዎት ያን ዝምታ ዛሬም ስለማስታውሰው ነው።

ክንፎቹ እኩል መጎበጥ ሲጀምሩ አውታሩን አሳጥረው ደጋኑን ይወጥሩት፤ ከመያዣው እስከ አውታሩ ከ10 እስከ 13 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከዚያም ሚዛኑን በገመዱ ላይ አድርገው ስበቱን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። 5 ኪሎ ግራም ካሳየ፣ ገና 35 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆንም፣ ከዚያ አያሳልፉት፤ ፍቀው ይመለሱ። ከታሰበው ክብደት በላይ አንድም ጊዜ ያልተሳበ እንጨት ጉልበቱን ይዞ ይቆያል። 5 ኪሎ ግራሙ 52 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲገኝ ሥራው አለቀ። ከዚህ በኋላ ለመሞከርም ቢሆን እርስዎ እስከ ጆሮዎ አይሳቡት። የእሷ ነው።

በመጨረሻ ሁሉንም ጠርዞች አክብበው በብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ይህን ልጅዎ ትሥራው። ጀርባው ላይ ስስ የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ በእንጨት ኮላ ይለጥፉ። ደጋኑ አንድ ቀን ቢሰነጠቅ ስንጥሩን የሚይዘው ይህ ጨርቅ ነው፤ ለልጅ በተሠራ ደጋን ላይ እንዳይቀር አጥብቄ አሳስብዎታለሁ። ከዚያ ዘይት ወይም ሰም ቀብተው፣ መያዣውን በክር ይጠቅልሉት።

አውታሩ የማይለጠጥ ይሁን። ፖሊስተር ወይም የተልባ እግር ክር ተገምዶ ጥሩ ይሆናል፤ ናይሎን ስለሚለጠጥ ይቅር። ጥንካሬው ቢያንስ የደጋኑን ክብደት አራት እጥፍ ይቻል፤ በጣም እንዳይቀጥን ግን፣ የልጅ ጣት ይቆርጣል።

ፍላጻው ከልጅቷ መሳቢያ ቢያንስ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይርዘም፤ ለእሷ 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ያጠረ ፍላጻ ሲሳብ ከመያዣው ወደ ኋላ አልፎ ሲለቀቅ ወደ እጅ ይገባል። ልጅ ስለሚያድግም በየጥቂት ወሩ እንደገና ይለኩ። ክሩ ቀጥ ያለ 8 ሚሊ ሜትር ክብ ዘንግ ይጠቀሙ፤ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ላስቲክ በኮላ ያጣብቁበት። ሁልጊዜ ከመተኮስ በፊት እያንዳንዱን ፍላጻ በሁለት እጅ ጎበጥ ለቀቅ እያደረጉ ይፈትሹ፤ የተንጣጣው ወዲያውኑ ይሰበር።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ቃል ልመለስ። ላስቲክ ጫፍ ያለው ፍላጻም ዓይን ያጠፋል። ለልጅ የተሠራ ደጋን ፍላጻን ብዙ ሜትር ያስኬዳል። ስለዚህ «አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም» አይበሏቸው፤ እውነት አይደለም። ከዚያ ይልቅ የተኩሱን ቦታ አብራችሁ ሥሩና ትእዛዙን እሳቸው ይያዙ። ከዒላማው በስተኋላ ወፍራም ምንጣፍ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር አርቀው፣ ታቹ ሳይታሰር ልል አድርገው ይስቀሉ፤ የተንጠለጠለ ነገር የፍላጻውን ጉልበት ይውጣል፣ ደረቅ ግድግዳ ግን መልሶ ይወረውረዋል። መሬት ላይ አንድ ገመድ ያጋድሙ። ፍላጻ አውታር ላይ የሚገባው ገመዱ ጋ ቆሞ፣ ፊት ለፊትም ማንም ሳይኖር ብቻ ነው። ተራው ያልደረሰው ከገመዱ ኋላ ይቆያል። «ተኩሱ»፣ «አቁሙ»፣ «አምጡ» የሚሉት ሦስት ቃላት ከእናት አፍ ይውጡ፤ ፍላጻ የሚሰበሰበው ሁለቱም ደጋኖቻቸውን መሬት ካስቀመጡ በኋላ አብረው ሄደው ነው። ወደ ሰማይ መተኮስ ፈጽሞ አይኖርም። ያለ ፍላጻ አውታር ስቦ መልቀቅም እንዲሁ፤ በፍላጻው ይሄድ የነበረው ጉልበት ወደ እንጨቱ ይመለስና ይሰብረዋል። ጨዋታው ሲያበቃ አውታሩ ይፈታል፣ ደጋኑ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፣ ፍላጻዎቹ በሌላ ቦታ ይቆለፍባቸዋል። ደጋኑ ሲሳብ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ከሰሙ፣ ስንጥቁ ባይታይዎትም ያ ደጋን ከእንግዲህ አይሳብም፤ ልጆቹ በድብቅ እንዳያነሡት በመጋዝ ለሁለት ይቁረጡት።

ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። ልጅዎ ሁለት እጆቿን ዘርግታ በአውራ ጣቶቿና በመዳፎቿ መካከል ትንሽ ክፍተት ትሥራ፣ በዚያም በኩል በሩቅ ያለ ነገር ትይ። ከዚያ ቀኝ ዓይኗን ትጨፍን። የምታየው ነገር ከጠፋባት የሚመራት ቀኝ ዓይኗ ነው፤ አውታሩን በቀኝ እጇ ትሳብ። ካልጠፋባት በግራዋ ትሞክር፣ ምንም እንኳ በቀኟ የምትጽፍ ብትሆን። አውታሩ የሚገርፈውን የክንዷን ውስጥ ወፍራም ጨርቅ ያልብሱላት፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተገረፈ ልጅ ከዚያ በኋላ ሲተኩስ ዓይኑን ይጨፍናል።

ዒላማው ትልቅ ይሁን፣ በሁለት እጅ የሚታቀፍ ያህል። ርቀቱ አምስት እርምጃ ይሁን፤ አሥር አይሁን። እርስዎ ከጎኗ ተንበርክከው፣ ከትከሻዋ እኩል ሆነው ይመልከቱ። ባለቤትዎ «ተኩሱ» ይበሉ።